ከጋፋት እስከ ሰማይ፤ በማኅበር የመሥራት ጥቅም

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል ለዕለት ኑሮ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን የእጅ ጥበብን ታሪክ ለመረመረ ሰው ከሁሉ ይልቅ እዚያ ላይ እውነትነቱ ይገለጻል። ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ፣ በመጨረሻው ክፍል ያለሁ ተማሪ እንደ መሆኔ፣ ጥቂት ልጽፍ የወደድሁት ስለዚሁ ነገር ነው። ምሳሌ አድርጌ የምወስደውም በገዛ እጃቸው አይሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች በየከተማቸው የሚያቋቁሙትን ማኅበር ነው።

እነዚህ ሰዎች የፋብሪካ ሠራተኞች አይደሉም። አንዱ መምህር፣ አንዱ አናጢ፣ አንዱ የመኪና ጠጋኝ፣ አንዱ ገበሬ ሊሆን ይችላል። የዕለት ሥራቸውን ፈጽመው ማታ ማታና በዕረፍት ቀን በአንድ ጋራዥ ወይም መጋዘን ይሰበሰባሉ። አንዱ እንጨት ይልጋል፣ ሁለተኛው ብረት ይበይዳል፣ ሦስተኛው በክንፉ አጥንት ላይ ጨርቅ ይወጥራል። ወራትና ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አይሮፕላን ከዚያ ቤት ትወጣለች። አንባቢ ግን «ይህ ለእብናትና ለደብረ ታቦር ሰው ምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነገሩ ከእኛ የራቀ እንዳይደለ ለማሳየት ታሪኩን ከራሳችን አገር እጀምራለሁ። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልሁት እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ የውጭ አገሩን ዘመን እ.ኤ.አ. ብዬ ለይቼዋለሁ።

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ከሁሉ አብልጠው የተመኙት ነገር ቢኖር በአገራቸው የሚሠራ መሣሪያና የሠለጠነ የእጅ ሥራ ነበር። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ ሚስዮናውያን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሥራቸው ወንጌልን ማስተማር ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሐፍ ጋር የእጅ ሥራን የተማሩ ሰዎች ስለ ነበሩ ንጉሡ በጋፋት አስቀምጠው የብረት ሥራ አሠሯቸው። ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከእነዚህ መካከል ናቸው፤ ሞሪትዝ ሆል የተባለው የፖላንድ ሰውና ቡርጎ የተባለው የፈረንሣይ ጠመንጃ ሠሪም ከነሱ ጋር ነበሩ።

ንጉሡ ትልቅ መድፍ ሥሩልኝ ባሏቸው ጊዜ ከእነዚህ ሰዎች መካከል መድፍ ማቅለጥ የተማረ አልነበረም። ዛሬ በእንዲህ ያለ ነገር የሚጥሩትን ሰዎች አማተር እንላቸዋለን፤ ይኸውም ሙያው እንጀራቸው ሳይሆን በመሞከር የሚማሩት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሙከራቸው ከሸፈ። ምድጃውን እንደ ገና ሠሩ፣ መለሱ፣ ሞከሩ። የአገራችን ሰዎችም ከሰል እያከሰሉ፣ ወናፍ እየነፉ፣ ብረት እየቀጠቀጡ አብረዋቸው ሠሩ። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ 7 ቶን ያህል የሚሆነው መድፍ ተፈጸመ። በሚከተለውም ዓመት ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር መንገድ እየጠረጉ በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት ወደ መቅደላ አስጐተቱት። መድፉ ዛሬም በዚያው ተራራ ይገኛል።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ጀግንነቱ ነው። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አነሣለሁ፦ ጋፋት ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ንጉሡ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ባለሙያዎቹ ተበተኑ። ቫልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄዶ በዚያ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ፤ ሆልም በያፋ ከተማ ኖረ። ምድጃው ቀዘቀዘ። በጋፋት የተገኘው ዕውቀት በንጉሡ ፈቃድ ብቻ የቆመ ስለ ነበረ ከንጉሡ ጋር ወደቀ። ሥራው በትእዛዝ እንጂ በማኅበር አልነበረምና ተማሪው የራሱን ተማሪ አፍርቶ፣ ያም ለሚቀጥለው ትውልድ እያስተላለፈ ሊሄድ አልቻለም።

ሌላም ምክንያት ነበረ፤ እርሱን መሸሸግ አይገባም። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለረጅም ዘመን ሲናቅ ኖሯል። በእርሱ ማረሻ እያረስን፣ በእርሱ ማጭድ እያጨድን፣ ሰውየውን ግን ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው እያልን ከማዕዳችን አራቅነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ ማስነገራቸው በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። ልጁ እንዳይሰደብ የፈራ ባለሙያ ጥበቡን ለልጁ አያወርስም፤ የተናቀ ሙያም ማኅበር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ጋፋትን ያጠፋት የንጉሡ ሞት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የእኛም ንቀት ድርሻ አለበት።

አሁን ወደ አይሮፕላኑ ልለፍ። በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ዓይነቱ ፖቴዝ 25 ሲሆን የነዳው ማዬ የተባለ ፈረንሣዊ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂት ኢትዮጵያውያን መብረር ተማሩ፤ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ ከሴቶችም ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ ይጠቀሳሉ። የጣሊያን ጦር ሊመጣ በተቃረበ ጊዜ ግን ያሉን አይሮፕላኖች ጥቂትና ያረጁ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ለአገራችን ከደረሱላት የውጭ ሰዎች አንዱ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ስለ ጀግንነቱ የተጻፈ ብዙ ነው፤ ከየት ተነሥቶ አብራሪ እንደ ሆነ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የእኔ ጽሑፍ ልብ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ሮቢንሰን በቱስኪጊ ትምህርት ቤት የአውቶሞቢል ጥገና የተማረ፣ በቺካጎ ከተማ በመካኒክነት የሚኖር ሰው ነበር። መብረር ለመማር ሲመኝ በቆዳው ቀለም ምክንያት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት በር ተዘጋበት። እርሱና ኮርኒሊየስ ኮፊ የተባለው ወዳጁ ግን በሩ ላይ ቆመው አላለቀሱም። እንደ እነሱ በር ከተዘጋባቸው ሰዎች ጋር ትንሽ ማኅበር አቋቋሙ። ሂዝ ፓራሶል የምትባል፣ ክፍሎቿ ተገዝተው በቤት የሚገጣጠሙ፣ አንድ ሰው የምትይዝ ቀላል አይሮፕላን ነበረች። ማኅበርተኞቹ ከሥራ በኋላ እየተሰበሰቡ እርሷን ገጣጠሙና የሞተር ብስክሌት ሞተር አስገቡላት። በምኞት ያልተከፈተው በር በሥራ ተከፈተ፤ ሁለቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ገብተው ተመረቁ፤ ኋላም ሌሎች ጥቁሮችን የሚያስተምሩ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1931 ቻሌንጀር የተባለውን የአብራሪዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ማረፊያ ሜዳ የሚያበድራቸው ሲያጡም ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ መሬቱን በገዛ እጃቸው ጠርገው የራሳቸውን ሜዳ አበጁ።

እንግዲህ በ1927 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው ሰው ከእንዲህ ያለ ማኅበር የወጣ ነበር። ከድል በኋላም በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ኢትዮጵያውያንን አሠለጠነ፤ በ1946 ዓ.ም. በአይሮፕላን አደጋ ቆስሎ በአዲስ አበባ ሞተ፤ መቃብሩም በእኛ ምድር ነው። በቺካጎ ጋራዥ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የሠሯት ትንሽ አይሮፕላን ፍሬዋ እስከ ኢትዮጵያ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ሮቢንሰን በመጣበት በዚያው የጭንቅ ጊዜ በአዲስ አበባ አንድ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ክንፏ ድርብ የሆነ አይሮፕላን ሠራ። ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከቼኮዝሎቫኪያ የመጣ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ፀሐይ ተባለች፤ በ1928 ዓ.ም. ተነሥታ በረረች። ጥቂት ወራት እንኳ ሳትቆይ ጠላት አዲስ አበባ ገባና ተማርካ ወደ ጣሊያን ተወሰደች። በቪኛ ዲ ቫሌ ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ቤተ መዘክር ለብዙ ዓመታት ስትታይ ከቆየች በኋላ፣ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ይህ ለሁላችን ደስታ ነው። ነገር ግን የተመለሰችው አይሮፕላኗ ናት፤ እሷን የሠሩ እጆች ያወቁት ነገር ግን አልተመለሰም። እንጨቱ በምን ተጣበቀ? ክንፉ እንዴት ተመዘነ? ይህን የሚጠብቅ ማኅበር ስላልነበረ ዕውቀቱ ከሠሪዎቹ ጋር ተቀበረ። ከጋፋት እስከ ፀሐይ ሰባ ዓመት ያህል አለ፤ ችግሩ ግን አንድ ነው።

በሌሎች አገሮች ነገሩ እንዴት እንደ ተያዘ እንመልከት። ኦርቪልና ዊልበር ራይት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 ለ12 ሴኮንድ ሲበሩ ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። ሞተሩን የሠራላቸው በሱቃቸው የተቀጠረው ቻርሊ ቴይለር ሲሆን፣ ሻኑት ከተባለው ሽማግሌ መሐንዲስም ጋር በደብዳቤ ይመካከሩ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈረንሣዊው ሄንሪ ሚኜ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራት የሚችል ትንሽ አይሮፕላን አስቦ እ.ኤ.አ. በ1934 መጽሐፍ አወጣ። ብዙ ሰው መጽሐፉን እያነበበ በየቤቱ ሠራ፤ ነገር ግን ብዙዎች በአደጋ ሞቱ። አይሮፕላኗ በሰው ሠራሽ ነፋስ ስትፈተን፣ አፍንጫዋን ወደ ታች ከደፋች የፊተኛውና የኋለኛው ክንፍ አየር እየተሻሙ ቀና ለማለት እንደማያስችሏት ታወቀ፤ እንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳትበር ተከለከለች። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ መጽሐፍ ድፍረት ይሰጣል፣ የሰውን ስሕተት ግን አያይም። ስሕተትን የሚያየው በአጠገብ ያለ የጓደኛ ዓይን ነው።

ከዚህ በኋላ ማኅበራቱ በረቱ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1946 የቀላል አይሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ተመሠረተ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በጥር 1953 ፖል ፖበሬዝኒ የተባለ ሰው በሚልዋኪ ከተማ ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የአማተር አይሮፕላን ሠሪዎችን ማኅበር አቋቋመ፤ ዛሬ ማኅበሩ በየከተማው 900 ያህል ቅርንጫፎች አሉት። ባህላቸውም ሊጠና የሚገባው ነው። አንድ አባል የክንፉን አጥንት ሠርቶ ሲፈጽም ጨርቅ ከማልበሱ በፊት ልምድ ያለውን አባል ይጠራል፤ ጨርቅ ከለበሰ በኋላ ስሕተቱ አይታይምና። መርማሪው ሲተች ሠሪው አይቈጣም፤ ሠሪውም ሲሳሳት መርማሪው አያላግጥበትም። ውድ የሆነውን መሣሪያ በጋራ ይገዛሉ፤ ያልተሳካውንም ሥራ ልክ እንደ ተሳካው ጽፈው ለሌላው ያስተላልፋሉ። ተማሪዎችን በሚመለከትም አንድ ምሳሌ ልጨምር። በቺካጎ ቅድስት ሪታ የሚባል የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከእጅ ሥራ አስተማሪያቸውና ከማኅበሩ አባሎች ጋር እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ድርብ ክንፍ ያላት አይሮፕላን ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በረረች። ሥራውን የጀመሩት ልጆች በረራውን ያዩት ተመርቀው ከወጡ በኋላ ነው፤ የጨረሱት ታናናሾቻቸው ናቸው። የማኅበር ትርጕም ከዚህ የበለጠ በምን ይገለጻል?

በእኛ ዘመንም በኢትዮጵያ አንድ ሰው ይህን ሥራ ብቻውን ተያይዞታል። አቶ አስመላሽ ዘፈሩ የተባሉ የጤና ባለሙያ አብራሪ ለመሆን ፈልገው በቁመታቸው ማነስ ምክንያት ሳይቀበሏቸው ቀሩ። እሳቸው ግን ከመጽሐፍና ከኢንተርኔት እየተማሩ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን ያገለገለ የፎልስዋገን ሞተር ገዝተው፣ በ570 ቀን አንድ አይሮፕላን ሠሩ። በ2007 ዓ.ም. ለመብረር ያደረጉት የመጀመሪያ ሙከራ ሳይሰምር ቀረ። ብዙ ሰው አደነቃቸው፤ የሳቀም አልጠፋም። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። በአጠገባቸው አንድ የማኅበር ቤት ቢኖር ኖሮ ስንት ነገር በቀለለላቸው ነበር!

ለምሳሌ የደጋውን አየር እንውሰድ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር በእኛ ደጋ የሚሰጠው 30 ያህል ነው። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ይሳሳበታል፤ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት፣ ሜዳውም የበለጠ ርዝመት ይፈልጋል። በቆላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ለደገኛ አስቦ አይነግረውም። በደጋ የሚኖር፣ በደጋ የሞከረ፣ የሞከረውንም በደብተር የጻፈ ማኅበር ግን ይህን ዕውቀት ለሚመጣው ሁሉ ያቆያል። የደጋውን አየር ከእኛ በቀር ማን ሊያጠናው ይችላል?

እንዲህ ያለ ማኅበር በኢትዮጵያ ሊጸና አይችልም የሚል ሰው ካለ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ታሪክ ያንብብ። በ1996 ዓ.ም. 47 ሰዎች ሲመሠርቱት «የሚበላ ሳይኖር ስለ ከዋክብት ማውራት እብደት ነው» እየተባለ ተቀለደባቸው። እነሱ ግን በየከተማውና በየትምህርት ቤቱ ቅርንጫፍና ክበብ እያቋቋሙ ቀጠሉ። ከጊዜ በኋላ በእንጦጦ ተራራ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች ያሉበት መመልከቻ ተሠራ፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ በቻይና እርዳታ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከዚያው ከቻይና ወደ ጠፈር ተላከች። ቀልደኞቹ አለፉ፤ ማኅበሩ ቆየ።

ደግሞስ ማኅበር ለእኛ ምን አዲስ ነገር አለው? የእብናት ገበሬ በወንፈል ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ አርሞ ነገ የራሱን ያሳርማል። በደቦ ቤት ይሠራል፣ በዕቁብ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ በዕድር ሬሳ ይቀብራል። የጉልበት፣ የገንዘብና የኀዘን ማኅበር አለን፤ የጐደለን የጥበብ ማኅበር ነው። ወንፈሉን ወደ ዕውቀት፣ ዕቁቡን ወደ መሣሪያ መግዣ ብናዞረው ሌሎች በብዙ ድካም ያገኙትን ሥርዓት እኛ ከአያቶቻችን የወረስነው ሆኖ እናገኘዋለን።

ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሐፍ አንድ ሐሳብ ለማቅረብ እደፍራለሁ። በትምህርት ቤታችን የበረራና የእጅ ሥራ ክበብ ይቋቋም። ሰው የሚሸከም አይሮፕላን ነገ እንሥራ ማለቴ አይደለም፤ ያ ረጅም ትምህርትና ገንዘብ፣ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንንም ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። መጀመሪያ ከወረቀት፣ ከዚያ ከቀላል እንጨት ያለ ሞተር የሚንሸራተቱ ትናንሽ አይሮፕላኖችን እንሥራ። ክብደታቸውን እንመዝን፤ በጠዋትና በቀትር አየር የሄዱበትን ርቀት እንለካ፤ የወደቀውንም የበረረውንም በአንድ ደብተር እንጻፍ። ያ ደብተር ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከተመራቂ ወደ አዲስ ገቢ ይተላለፍ። በጋፋትም በፀሐይም የጐደለው ይህ ደብተርና ደብተሩን የሚቀበል እጅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን በገበያ ማረሻና መጥረቢያ የሚሠራውን ባለሙያ፣ ወንበርና በር የሚሠራውንም አናጢ ወደ ክበባችን እንጥራ። እንደ ተላላኪ ሳይሆን እንደ መምህር በፊታችን ቆሞ ብረት መቼ እንደሚለሰልስ፣ እንጨት በየት በኩል እንደሚሰነጠቅ ያስተምረን፤ እኛም ሲገባ ተነሥተን እንቀበለው። በትምህርት ቤት የተማርነው የኃይልና የክብደት ሒሳብ ከእሱ እጅ ጋር ካልተገናኘ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደርቆ የሚቀር ነው። ለባለሙያ በመነሣት የሚጀምር ትውልድ የጋፋትን ምድጃ እንደ ገና ሊያነድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ለመድፍ አይሆንም።

ውድ መምህራን፣ አንድ ክፍልና ቁልፏን ስጡን። ውድ ወላጆች፣ ወንዱም ሴቷም ልጃችሁ እጃቸው በሙጫና በጥላሸት ቆሽሾ ወደ ቤት ሲመጡ አትቈጧቸው። ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ እኛ በዚህ ዓመት እንሄዳለን፤ የምንጀምረውን የምትፈጽሙት እናንተ ናችሁ። አንድ ሰው የሠራው ከእርሱ ጋር ያልፋል፤ ማኅበር የሠራው ግን ይቆያልና።